የግንቦት አንድ እሳት

አስር አለቃ አምሳሉ የግቢውን በር ሲያልፍ ወደ ግራ አያይም ነበር። በግራ በኩል፣ ከዘበኛው ቤት ግድግዳ ሥር፣ እትዬ ዙሃራ ባለ ሦስት ደረጃ ምሳ ዕቃቸውን በነጭ ጨርቅ ቋጥረው ይቆማሉ። እሱ ሰዓቱን ያያል፣ ጫማውን ያያል፣ የሌለ ሰው ሰላም ይላል። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በሁለቱም በኩል ሲዞር የኖረ አንገት ድንገት ወደ አንድ ጎን ብቻ አልዞርም ሲል፣ በሽታው አንገቱ ላይ እንዳልሆነ ለማንም ይገባዋል።

«አምሳሉዬ!» ይሉታል ሁልጊዜ፣ ሊያመልጣቸው ሁለት እርምጃ ሲቀረው።

«እንዴት አደሩ፣ እትዬ ዙሃራ?»

«አልሐምዱሊላህ። ዛሬስ ምን አለ?»

«ያው ነው። እየሠሩበት ነው።»

«ይሁን። ዛሬ ባይሆን ነገ ይሆናል።»

ይህን ብለው ስንቅ ወደሚሰጡበት የዘበኛው ቤት መስኮት ይመለሳሉ። ልጃቸው መሐሙድ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ታስሯል። በጾሙ ወር እንኳ ስንቅ የሚቀበሉት ጠዋት ብቻ ስለሆነ፣ እትዬ ዙሃራ ማታ የሚያፈጥርበትን ምግብ በማለዳ ሠርተው ከአብነት እስከ ድሮው አውሮፕላን ማረፊያ በእግራቸው ያመጡታል። ልጃቸው ሲመሽ በቀዝቃዛው ያፈጥርበታል። አምሳሉና መሐሙድ አብነት አንድ ቅያስ ውስጥ ነው ያደጉት፤ አምሳሉ ልጅ ሳለ ከእናቱ ቤት ይልቅ እትዬ ዙሃራ ቤት የበላው ሳይበልጥ አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1980 ግንቦት አንድ ቀን፣ በሰሜን ግንባር ባለ አንድ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ቦምብ ወደቀና አራት ወታደሮች ሞቱ። ቦምቡ እንዴት ወደቀ በሚለው ላይ ግን ስምምነት ጠፋ። አንዱ ሠርጎ ገብ የቀበረው ፈንጂ ነው አለ። ስብርባሪው ሲታይ ከራሳችን አውሮፕላን የወደቀ ሆኖ ተገኘ። ምድር ላይ ያሉት የአብራሪው ስህተት ነው አሉ፤ አብራሪው ደግሞ ከምድር የተሰጠኝን ምልክት ተከትዬ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ክርክሩ ዓመት ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ሲንከባለል ቆይቶ፣ በመጨረሻ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ ልደታ፣ እዚሁ የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ግቢ መጣ።

የምልክቱ ነገር ለማያውቅ ሰው እንዲህ ይሠራል። አውሮፕላን ለግዳጅ ወጥቶ ቦምቡ ከክንፉ ሥር አልላቀቅ ካለው፣ እሱን ታቅፎ ማረፍ አይችልም። ከማረፊያው ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ባዶ ሜዳ አለ። እዚያ በርሜል ውስጥ አሮጌ ጎማ ይነድዳል፤ አብራሪው እሳቱን አይቶ በአስቸኳይ ማስለቀቂያው ቦምቡን እዚያ ጥሎ ይመጣል። የበርሜሉ ኃላፊ መሐሙድ ነበር። ያን ዕለት ሊመሻሽ ሲል አብራሪው አንድ እሳት አየ፣ በላዩም ጣለ። እሳቱ ግን ሜዳው ላይ ሳይሆን ከወታደሮቹ መኝታ ጀርባ ነበር። ሰዎች ሄደው የመሐሙድን በርሜል ሲነኩት ቀዝቃዛ ነው።

እሳት ማንደድ የእሱ ሥራ፣ በርሜሉ ያልነደደ፣ ሌላ ቦታ ግን እሳት የታየ፤ ከዚህ በኋላ መደመር ለማንም አይከብድም። «ሆን ብሎ እሳቱን ወገኖቹ አጠገብ አነደደ» ተባለ። በጦርነት ጊዜ የዚህ ቅጣቱ ምን እንደሆነ ልጅ አዋቂው ያውቀዋል።

እሳቱን ያነደደው አምሳሉ ነው።

አብነት ተወልዶ ያደገ ሰው ግንቦት ልደታን ያለ ንፍሮ አያሳልፍም። እናቱ ወይዘሮ ጠጅቱ በየዓመቱ ጎረቤቱን ሰብስበው ስንዴውን፣ ባቄላውን፣ ሽምብራውን ከደጅ ይጥዱታል። ደጅ ይቀቀላል፣ ደጅ ይበላል፣ አንዲት ፍሬ እንኳ ወደ ቤት አትገባም። ቤት ውስጥ የተቀቀለ እንደሆነ ንፍሮ ነው እንጂ ልደታ አይደለም፤ ይህን ወይዘሮ ጠጅቱ ለልጃቸው ከጡት ጋር ነው ያጠጡት። አምሳሉም ግንባር ድረስ ይዞት ሄደ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከመጋዘን እፍኝ እፍኝ እህል እየለመነ አጠራቀመና ጓደኞቹን ጠራ።

«ምን አስቸገረህ? ምድጃው ይኸው፣ እዚሁ ጣደው» አለው ወጥ ሠሪው ገብረጊዮርጊስ፣ የማድ ቤቱን በር በሰፊ ትከሻው ሞልቶ።

«ደጅ ካልሆነ ምኑን ልደታ ሆነ?»

«ከአስራ አንድ ሰዓት በኋላ ደጅ እሳት ክልክል ነው።»

ክልክል መሆኑን ለአምሳሉ መንገር አያስፈልግም ነበር። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ትእዛዝ በጽሕፈት መኪና የመታው እሱ ራሱ ነው፤ «በጥብቅ» በሚለው ቃል ሥር ሁለት ጊዜ ያሰመረበትም እሱ ነው። ግን የራሱ ጽሑፍ መቼ ሰውን ያስፈራል! «አምስት ደቂቃ ነው፣ ማን ያየናል?» አለ። ገብረጊዮርጊስም ሳቀና ድስቱን ራሱ ተሸክሞ ወጣ። መሐሙድ ጾም ላይ ነበር። ቀን ላይ ሲያልፍ «የኔን ድርሻ ጨው አብዝተህ አስቀምጥልኝ፣ በሱ ነው የማፈጥረው» ብሎ አምሳሉን ቃል አስገብቶት ነበር።

አምሳሉ ክብሪቱን ጫረ። እሳቱ አማረ። ገብረጊዮርጊስና ሦስቱ ጓደኞቻቸው ዙሪያውን ተቀመጡ። በዚያው ሰዓት መሐሙድ በሬዲዮ ተጠርቶ ወደ ሜዳው እየሮጠ እንደነበር አንዳቸውም አላወቁም። አምሳሉ የመሐሙድ ጨው ትዝ አለውና ሊያመጣ ወደ ማድ ቤት ተመለሰ። የጨዉን ቆርቆሮ እንደያዘ ነው ምድር የተናወጠችው።

በዚያው ሌሊት፣ የአምሳሉ የቆሰለች እግር በፋሻ እየታሰረች ሳለ፣ አንድ መኮንን ጠየቀው። «ደጅ እሳት አይተሃል?»

«አላየሁም። ማድ ቤት ነበርኩ።»

ሙታንን ምን ይጎዳቸዋል ብሎ ነው እንጂ በሕያው ላይ መመስከሩ አልመሰለውም። መሐሙድ መያዙን የሰማው በሦስተኛው ቀን፣ ቃሉን ከፈረመ በኋላ ነው። ያን ጊዜ «እነግራቸዋለሁ» አለ። ነገ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ለእግሩ ሕክምና አዲስ አበባ ላኩት፤ ከዚያ ልደታ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ አደረጉት፤ ነገ የምትባለዋ ቀን እንዲህ እየተጎተተች ዓመት ሞላች። ኮሚቴው መሐሙድን ይዞ እሱ ያለበት ግቢ ድረስ ባይመጣበት ኖሮ፣ አምሳሉ እስኪሸብት «ነገ» ሲል ይኖር ነበር ብዬ እፈራለሁ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሻለቃ ሙለታ ነገር የማይወሳሰብባቸው፣ ቀጥተኛ ሰው ናቸው። የምስክሮቹን ዝርዝር ሲያገላብጡ ቀና አሉ። «ይሄ አምሳሉ የተባለው አንተ ነህ እንዴ?»

«አዎ፣ ጓድ ሻለቃ።»

«ጥሩ! ቦታውን የሚያውቅ ጸሐፊ አገኘን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በጓደኛው ላይ የሚባለውን ሁሉ በአራት ቅጂ መምታት የአምሳሉ እንጀራ ሆነ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ረቡዕ መሐሙድ ለመጨረሻ ቃሉ ቀረበ። ከስቷል። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶት ይወዛወዛል። ሲገባ አምሳሉን ከጽሕፈት መኪናው ኋላ አየውና ፈገግ አለ፤ ሰው አብሮ አደጉን ገበያ መሃል ድንገት ሲያገኝ እንደሚለው ዓይነት። አምሳሉ ካርቦን ያስተካክላል።

«በርሜሉን ለምን አላነደድክም?» አሉ ሻለቃ ሙለታ።

«ዝናብ ገብቶበት ነበር። ጎማው እምቢ አለኝ። ጋዝ ላመጣ ዞር ስል አውሮፕላኑ ደረሰ።»

«ታዲያ ያ እሳት ምንድን ነው?»

«ንፍሮ ሊቀቅሉ ነው ያነደዱት። የልደታ ንፍሮ።»

ሻለቃው ወረቀቱን ገለጡ። «ሠላሳ አንድ ምስክር አለ። አንድም ንፍሮ ያለ የለም።»

«ያሉት ሞቱ።»

«ማነው ያነደደው? ስም ጥራ።»

አምሳሉ ጣቶቹን ከጽሕፈት መኪናዋ ቁልፎች ላይ አነሳ።

«ሲያነድድ አላየሁም» አለ መሐሙድ። «ሩቅ ነበርኩ። ያላየሁትን አልመሰክርም።»

ሻለቃ ሙለታ በረጅሙ ተነፈሱና ያልተጠበቀ ነገር አደረጉ፤ ወደ ጸሐፊያቸው ዞሩ። ለተከሳሹ የመጨረሻ ዕድል ሊሰጡት ፈልገው ነው፤ በዚህ አይታሙም። «አንተ እዚያ ነበርክ። እስቲ ንገረኝ፣ ደጅ ሌላ እሳት ነበር?»

አሁን በለው። አሁን! ይኸው ጥያቄው በእግሩ ሄዶ ደጅህ መጣልህ። አምሳሉ አፉን ከፈተ። ሰው የሚረሸንበት ግድግዳ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ያለችው ክፍል፣ የእናቱ ፊት ተራ በተራ አለፉበት።

«አላየሁም፣ ጓድ ሻለቃ።»

«ጻፈው።»

ጻፈው። «አላየሁም» የምትለዋ ቃል በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ ተመታች፤ አንዷ ከመሐሙድ አፍ፣ አንዷ ከእሱ። መሐሙድ ሲወጣ ወደ እሱ አላየም። ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

ሐሙስና አርብ የውሳኔ ሐሳቡን ሲመታ ዋለ። «ሆን ብሎ» የምትለዋ ጋ ሲደርስ ጣቶቹ ሦስት ጊዜ ተሳሳቱ፣ ሦስት ጊዜ ወረቀት ቀየረ። አርብ ሁሉም ከወጣ በኋላ አንድ ባዶ ወረቀት ያለ ካርቦን መኪናዋ ላይ አስገባና መታ፤ እኔ አስር አለቃ አምሳሉ፣ ግንቦት አንድ ቀን 1980 ከአመሻሹ አስራ ሁለት ሰዓት ገደማ እሳቱን ያነደድኩት እኔ ነኝ። ትእዛዙን አውቅ ነበር። መሐሙድ የለበትም። ፈረመ፣ አጠፈ፣ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ቅዳሜ ጠዋት ማኅደሩ ወደ በላይ አካል ሊሄድ ባለ ሞተር ሳይክሉ መልእክተኛ በር ላይ ቆሟል። አምሳሉ የሻለቃ ሙለታን ቢሮ አንኳኩቶ ገባ። እጁ ኪሱ ላይ ነው።

«ምን ነበር?»

ጣቱ የወረቀቱን ጫፍ ነክቶ ተመለሰ።

«ካርቦን... ካርቦን አልቋል፣ ጓድ ሻለቃ።»

«መጋዘን ጠይቅ እንጂ! ለካርቦን እኔ ጋ ትመጣለህ?»

ሞተር ሳይክሉ ተነሳና ወደ ሰንጋ ተራ አቅጣጫ ወረደ። አምሳሉ በመስኮቱ ቆሞ ድምፁ እስኪጠፋ አዳመጠ። ከዚያ ወደ መጋዘን ሄዶ የማያስፈልገውን አንድ ፓኮ ካርቦን ፈርሞ ወሰደ። ራሱን የተጸየፈው ያኔ ነው፤ ሲዋሽ እንኳ ለውሸቱ ደረሰኝ የሚያሟላ ፍጡር ሆኖ ራሱን አገኘው።

እሑድ ዒድ ሆነ። ሰኞ እትዬ ዙሃራ በሩ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ጣፋጭ ሰጡትና «ዛሬስ ምን አለ?» አሉት። «ያው ነው» አለ። ማክሰኞ ግንቦት አንድ ቀን ግን በቦታቸው አልነበሩም፤ አምሳሉ አርፍዶ ስለገባ መጥተው የሄዱ መሰለው። እሳቸው እዚያ መቆም ከጀመሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ግራ አየ። ግድግዳው ባዶ ነው።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ሲደርስ ቅያሱ ተጠርጓል፣ ሣር ተጎዝጉዟል፣ ሦስቱ ጉልቻ ቆሟል። ጎረቤታቸው ማናለብሽ ትልቁን ድስት ይዛ ብቅ አለች። ወይዘሮ ጠጅቱ ለልጃቸው ክብሪት ዘረጉለት። «በል፣ አምናም አልነበርክ፣ ዘንድሮ አንተ ለኩስልኝ።»

«ማናለብሽ ትለኩሰው።»

«ምነው? እጅህ ተቆረጠ?»

«እማዬ፣ እባክሽ።»

ማናለብሽ እየሳቀችበት ለኮሰችው። ጭራሮው ሲንጣጣ አምሳሉ ተነስቶ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ጎረቤቱ ይጫወታል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ለእሱ ግን እሳቱ ዙሪያ አራት ሰዎች ብቻ ናቸው የሚታዩት።

እትዬ ዙሃራ የመጡት ንፍሮው ሊበስል ሲል ነው። በየዓመቱ የሚያመጡትን እንጨት አልያዙም። ምሳ ዕቃውን፣ ቋጠሮው እንኳ ያልተፈታውን፣ ይዘዋል።

«ዛሬ አልተቀበሉኝም» አሉ፣ በርጩማው ላይ እየተቀመጡ። «እዚህ የለም አሉኝ። ወዴት ሄደ ስላቸው ተዛውሯል፣ ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ አሉኝ።»

ጨዋታው ቆመ። የበር ላይ ስንቅ ሲመለስ ምን ማለት ሊሆን እንደሚችል ያልሰማ ሰው በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ አልነበረም። ማናለብሽ ፊቷን አዞረች። ወይዘሮ ጠጅቱ ጭልፋውን እንደያዙ «መዛወር እኮ... ይዛወራሉ፣ ይዛወራሉ» አሉና ንፍሮውን ማማሰል ያዙ።

አምሳሉ ከግድግዳው ተላቀቀ። እግሩ እንዴት እንዳደረሰው አያውቅም፤ እትዬ ዙሃራ ፊት ተንበርክኮ ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አወጣ። ከአርብ ጀምሮ በላብ ርሶ ጠርዙ ለስልሷል።

«እትዬ ዙሃራ፣ ላንብብልዎ» አለ። እናም ያ ሁሉ ጎረቤት እየሰማ አነበበ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ እሳቱን፣ ትእዛዙን። «የለበትም» የምትለዋ ጋ ሲደርስ አለቀሰ።

እትዬ ዙሃራ አላለቀሱም። አልጮኹምም።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምን?»

«መጋቢት ላይ፣ እዚህ ያመጡት ሰሞን፣ አንዴ አገናኝተውኝ ነበር። አምስት ደቂቃ። ንፍሮ ሊቀቅልልኝ ቃል የገባልኝ አምሳሉ ነው አለኝ። ታዲያ ለምን አትናገርም አልኩት። ሲያነድድ አላየሁትም፣ ደግሞ አምሳሉ ነው፣ ራሱ ይናገራል፣ ትንሽ ጊዜ ስጪው አለኝ።» ዓይን ዓይኑን አዩት። «ሰጠሁህ። አርባ ቀን፣ በየጠዋቱ፣ ዛሬስ ምን አለ እያልኩ ሰጠሁህ። ስንቅ ለማድረስ ብቻ የቆምኩ መሰለህ?»

«ለምን... ለምን እርስዎ አልነገሯቸውም?»

«የእናት ቃል ማን ይሰማል? አንተን ነበር የሚሰሙት።»

አምሳሉ ግንባሩን መሬት ላይ፣ ሣሩ ላይ ደፋ። ያን ጊዜ የተሰማውን በሌላ ቃል ማሳመር አልችልም፤ መሞት ተመኘ፣ መሞትም አላማረውም፣ ያ ደግሞ የባሰ አሳፈረው።

«ተነስ» አሉት እትዬ ዙሃራ። «ለኔ ምን ያደርግልኛል? ሄደህ ለነሱ አንብብላቸው። ተዛውሯል ብለውኛል። ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል።»

ወይዘሮ ጠጅቱ ጭልፋውን ጥለው የልጃቸውን እጅጌ ያዙ። «ዙሃራ፣ ተይ! ልጄን ይገሉታል! አንድ ልጄን!»

«ጠጅቱ» አሉ እትዬ ዙሃራ በቀስታ፣ «እኔም እኮ አንድ ነው ያለኝ።»

ወይዘሮ ጠጅቱ እጅጌውን ለቀቁ። ጣታቸው አንድ በአንድ ነው የተፈታው።

ከአብነት እስከ ግቢው ድረስ ሁለቱ ጎን ለጎን ሄዱ። አምሳሉ ምሳ ዕቃውን ልያዝልዎ ብሎ እጁን ዘረጋ፣ አልሰጡትም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በሩ ላይ ደረሱ። የጠዋቱ ዘበኛ ገና አልተቀየረም፤ ሲያያቸው ፊቱን አጨማደደ።

«እትዬ፣ ነገርኩዎ እኮ። ሰውየው እዚህ የለም። ስንቅ አንቀበልም።»

«ሰምቻለሁ፣ ልጄ።»

አምሳሉ ወረቀቱን ዘረጋና ተረኛ መኮንኑን ማግኘት እፈልጋለሁ አለ። ዘበኛው ወረቀቱን ተቀብሎ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች አነበበ፤ ቀና ብሎ በየቀኑ ሰላም የሚለውን ጸሐፊ እንደማያውቀው ሰው አየው፤ ከዚያ ስልኩን አነሳ።

እትዬ ዙሃራ ምሳ ዕቃውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው አስቀመጡት።

«አልኩዎ እኮ፣ እትዬ! የማን ነው ይሄ?»

«የዚህ ልጅ» አሉ። «ዛሬ እዚህ ነው የሚያድረው።»